ጋሽ ካሱ ሰርቨሩን ሲያስታርቁ

አስታራቂ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ሒሳብ ሹም የሌለው ይኖራል፤ በሩ የማይዘጋ ሽንት ቤት ያለውም ሞልቷል። አስታራቂ ግን የትም ቢኬድ አይታጣም። በመዋቅሩ ላይ የለም፣ ቅጥሩም ለሌላ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ከሰማ የያዘውን ብርጭቆ ያስቀምጥና ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል። ወንበሩን ይዞ መምጣቱ ዋናው ምልክቱ ነው፤ ቶሎ የመሄድ ሐሳብ እንደሌለው የሚታወቀው ከዚያ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ የአምራቾች ዩኒየን አለ። ከጨንቻ ፖም፣ ከዶርዜ ጋቢና ቡሉኮ፣ ከቆላው ሙዝ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞቹ ይሸጣል። የዚህ ዩኒየን አስታራቂ ክቡር ጋሽ ካሱ ናቸው። በወረቀት ላይ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ይባላሉ፤ ይህን ግን ከራሳቸውና ከማኅተሙ በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም። የዶርዜ ሰው ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባገለገሉበት ግቢ ውስጥ ያልገቡበት ጠብ አልነበረም፤ ሲገቡም ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ነገሩ ከምን ተነሣ?»

ይህች ጥያቄ አደገኛ ናት። አንድ ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ይፍሩና ጸሐፊዋ የሺመቤት ሰላም ሳይባባሉ ሲተላለፉ አዩአቸው። ይፍሩ ዝም ያለው ጥርሱን አሞት ነው፤ የሺመቤትም የምትቆጥረው ነገር ነበራት። ጋሽ ካሱ ሁለቱንም አስቀመጡና ነገሩ ከምን ተነሣ አሉ። ከምንም አልተነሣም ቢሏቸውም አልተቀበሉም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲቆፍሩ ከአራት ዓመት በፊት በጎርፍ የተወሰደ አንድ ጃንጥላ ተገኘ። በዚያ ጃንጥላ የተነሣ ሁለቱ እውነተኛ ጠበኞች ሆነው ከክፍሉ ወጡ፤ እነሱን ለማስታረቅ ደግሞ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጋሽ ካሱ በውጤቱ ደስተኛ ነበሩ። ታፍኖ የኖረ ነገር ነው፣ እንኳን ወጣ አሉ።

ከተፋቱ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን ባልና ሚስትም አንድ ጊዜ አስታርቀዋል። በሁለቱም ቤት ሌላ የትዳር ጓደኛ እንዳለ የተነገራቸው ከእርቁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እነዚያንም ቁጭ ማድረግ ግድ ሆነ። የፎቶኮፒው ማሽን ወረቀት እየበላ ገንዘብ ያዡ በእርግጫ ሲለው የደረሱ ጊዜም ገንዘብ ያዡን ከማሽኑ ፊት አስቀምጠው መክረውታል። ማሽኑ በማግሥቱ መሥራቱን ዩኒየኑ ውስጥ ሁሉም ያስታውሳል። ጠጋኝ መጥቶ እንደነበር የሚያስታውስ ግን የለም።

ኑሃሚን ከእኚህ ሰው ጋር የተገናኘችው በሰርቨሩ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ አርባ ምንጭ ተምራ፣ ከተመረቀች በኋላ ዓመት ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ይህ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ተብላ ለስልሳ የሥራ ቀን በሙከራ ተቀጠረች። የዩኒየኑን ኢሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ሰርቨር የተቀመጠው መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ የብረት በር ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነዋ። እናም ጠረጴዛዋ ከጋሽ ካሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሆነ።

ጋሽ ካሱ ሰርቨሩን በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ የሚያጉረመርም ደግሞ ቅሬታ አለው። ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቋት ማራገቢያው ነው አለቻቸው። እሱስ ይሁን፣ ማን አስቀይሞት ነው አሉ። ኑሃሚን ቀልድ ይሁን ቁም ነገር መለየት አቃታት። ከእርሳቸው ጋር በዋለች ቁጥር ይህ ግራ መጋባት አልለቀቃትም። ምሳ በልተሽ ነው ወይ ብለው በየቀኑ የሚጠይቋት ግን የምራቸውን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ አልበላሁም ካለች ከራሳቸው ቆጮ ቆርሰው ፋይሎቹ ላይ ያስቀምጡላታልና።

በአርባኛው የሥራ ቀኗ ገደማ የኢሜይል ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች ማስታወቂያ አወጡ። ሶፍትዌሩ ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቷል፤ ማስተካከያው ተዘጋጅቷል፤ የምትጠቀሙ ሁሉ ፈጥናችሁ ጫኑ ይላል። ኑሃሚን ስታነብ ፊቷ ሲለዋወጥ አይተው ጋሽ ካሱ ወንበራቸውን አነሡ።

በሚገባቸው መንገድ ለማስረዳት ሞከረች። ይህ ሶፍትዌር ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ተቀባይ ነው አለቻቸው። አሁን በተገኘበት ቀዳዳ የተነሣ፣ አንድ ተንኮለኛ በልዩ ዘዴ የተጻፈ መልእክት ከላከለት፣ ለባለቤቱ ማድረሱን ትቶ የተጻፈውን እንደ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። መልእክቱን ማንም መክፈት አያስፈልገውም። መድረሱ ብቻ ይበቃል።

ጋሽ ካሱ ይህ ገባቸው። እርሳቸውም አዲስ ተቀጣሪ ሳሉ ለሌላ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ተቀብለው፣ ለማን እንደሆነ ሳያዩ የታዘዘውን ፈጽመው፣ አርባ ኩንታል ፖም ወደ ሞያሌ አስጭነው ያውቃሉ። ያልገባቸው ሌላው ነው።

«ቀዳዳውን ያገኘው ማን ነው?»

«ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።»

«ለዓለም ሁሉ የተናገሩትም ራሳቸው? ሌባው ጭምር እየሰማ?»

«አዎ። ደንቡ እንደዚያ ነው። ካልተነገረ ሰው አይደፍነውማ።»

ጋሽ ካሱ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን በሌላ ዓይን ያዩት ጀመር። የማያውቋቸው፣ በየትኛው አገር እንዳሉ እንኳ የማይታወቁ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሥራ ላይ ያገኙትን ጥፋት አደባባይ ወጥተው መናገራቸው ልባቸውን ነካው። ጨዋ ቤተሰብ ያሳደጋቸው ናቸው አሉ። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ለጥበቃው ለዓለሙ ሲነግሩት ተሰምተዋል፤ ዓለሙም ከየትኛው ጎሳ ናቸው ብሎ ጠይቋል።

ማስተካከያውን ለመጫን ሰርቨሩ ግማሽ ቀን መቆም ነበረበት። ኑሃሚን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀመረች፤ ስምንት ሰዓት ሲል መብራት ሄደ። በሰርቨሩ ብቻ አይደለም፣ በመላው ሴቻ ነው የሄደው፤ ጎረቤት ያለው ሆቴል ጄኔሬተር እስኪመሽ ሲጮኽ ነበር። ሰኞ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርአብሩክ የጨረታ መልስ እየጠበቁ ስለነበር ኢሜይሉ እንዳይቋረጥ አዘዙ። ማክሰኞ ልትነግራቸው አሰበች፤ ሲቆጡ ሰማችና ተወችው። ረቡዕ አሰበች። በሚቀጥለው ሳምንት እጭነዋለሁ፣ ማን እኛን ያውቀናል ብላ ራሷን አጽናናች። እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ቀን አሳደረችው።

ባሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የቢሮው ስልኮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ። ከዩኒየኑ አድራሻ፣ በአቶ ዘርአብሩክ ስምና ፊርማ፣ አሥራ አራት ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች ኢሜይል ተልኳል። ለደንበኞች ደርሷል፣ ለባንኩ ደርሷል፣ ለሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር ደርሷል። መልእክቱ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ አለኝ ይላል። አቶ ዘርአብሩክ ቦርጫቸው ከሩቅ የሚታይ ሰው መሆናቸው ነገሩን አከፋው። ሦስት ሰዎች ዋጋ ጠይቀው መልሰዋል።

ከሰዓት በኋላ የባሰው መጣ። የሌሎች ድርጅቶች ሰርቨሮች ዩኒየኑን ከአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ተርታ መደቡትና ከእርሱ የሚመጣውን ሁሉ መመለስ ጀመሩ። የፖም ዋጋ የያዘ ደብዳቤ ሳይቀር ተመለሰ። ይፍሩ ደብዳቤ በፖስታ አሽጎ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ።

አቶ ዘርአብሩክ ሠራተኛውን ሰብስበው ተናገሩ። መጥፎ ኢሜይል የከፈተ ሰው አለ፤ ኮምፒውተር የሚያበላሸው እሱ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ የዚያን ሰው ስም ባለሙያዋ እስከ ዓርብ ታቅርብልኝ፤ ይባረራል አሉ። የሁሉም ዓይን ወደ የሺመቤት ዞረ። ባለፈው ወር ሎተሪ ደርሶሻል የሚል ኢሜይል ከፍታ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ለቢሮው ሁሉ ለስላሳ ጋብዛ ነበር። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። እኔ ነኝ መሰለኝ ብላ እዚያው አለቀሰች።

ኑሃሚን እውነቱን ታውቃለች። ማንም ምንም አልከፈተም። የተገባው በቀዳዳው ነው፤ ቀዳዳውን አሥራ አንድ ቀን ክፍት ያሳደረችው ደግሞ እርሷ ናት። ከሙከራ ጊዜዋ የቀራት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። እናቷ ልጄ ሥራ ያዘች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ከተናገረች ትባረራለች፤ ዝም ካለች የሺመቤት ትባረራለች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጋሽ ካሱ ምሳ በልተሽ ነው ሲሏት አዎ ብላ ዋሸቻቸው።

እርሳቸው ግን የሰውን ፊት ሳያነቡ የሚውሉ አልነበሩም። ሐሙስ ዕለት ነገ ጠዋት ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን፣ አቶ ዘርአብሩክም ፈቅደዋል አሏት። ስለ ምን ነው ስትል ስለ ሰርቨሩ ነው አሉ። ኑሃሚን የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ መሰላት። ሁለት ወር ሙሉ በማስታወሻ ላይ ማስታወሻ እየጻፈች የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ ከአንድ በላይ ሰው አይወቀው ብትል ሰሚ አላገኘችምና ጊዜው ደረሰ አለች። የይለፍ ቃል አያያዝ የሚል ጽሑፍ በአሥራ አምስት ቅጂ አትማ መጣች።

ዓርብ ጠዋት ማንጎው ሥር ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ዓለሙ ከቦዩ ዳር ያጨደውን እርጥብ ሣር ለጋሽ ካሱ አቀረበ። ጋሽ ካሱ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ኑሃሚን የታተሙትን ወረቀቶች ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ጋሽ ካሱ ንግግራቸውን ከሩቅ ጀመሩ። በደጋው በእኛ ዘንድ መከራ በቤት ላይ ሲወርድ ጎሜ አለ ይባላል አሉ። አንዱ አጥፍቶ ዝም ብሏል ማለት ነው፤ ያ ዝምታ ከብት ይገድላል፣ አዝመራ ያደርቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሁሉም እርጥብ ሣር ፊት ተቀምጦ ያደረገውን ይናገራል። እዚህ የተነገረ ጥፋት ለቂም አይያዝም። እዚህ የዋሸ ግን ሁለተኛ ሣር አይይዝም፣ ሰውም አያስታርቅም። ከዚያም ወደ ኑሃሚን ዞር ብለው፣ ባለሙያችን በየጊዜው እንደጻፈችልን ነገሩ ያለው በሚስጥር ቃሎቻችን ላይ ነው፣ ስለዚህ የተደበቀ ሁሉ ይውጣ አሉ።

ኑሃሚን የሰማችውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። እስክትረዳ ድረስ ዓለሙ ተነሥቶ ነበር። ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም፤ የግቢውን የአበባ ችግኝ የበላችው የጎረቤት ፍየል ሳትሆን የራሱ ፍየል እንደነበረች ግን ተናገረ። ቀጥላ የሺመቤት ተነሣች። የሎተሪውን ኢሜይል ከፍቻለሁ አለች። ሚስጥር ቃሌ የትልቁ ልጄ ስም ነው፣ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት አለበት አለችና የልጁን ስም በፊደሉ ተራ ጠራች።

ኑሃሚን እጇን አነሣች። ጋሽ ካሱ ተራሽ ይደርሳል ብለው በዓይናቸው አስቀመጧት።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ሒሳብ ክፍሉ የይለፍ ቃሉን ተናገረ፤ ግዥ ክፍሉ ተናገረ፤ የሽያጭ ክፍሉ በየተራ ተናገረ። ስድስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል እንደሚጠቀሙ ያወቁት ያን ዕለት ነው፤ ተገርመው ተጨባበጡ። ከአዲስ አበባ የተመለሰው ይፍሩ በበኩሉ አንገቱን ደፍቶ፣ የእኔ የሺመቤት ነው፣ ከኋላው ዓመተ ምሕረቱ አለበት አለ። የሺመቤት የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች። አቶ ዘርአብሩክም ለምሳሌ ያህል ብለው የራሳቸውን ተናገሩ። እሳቸው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፈውት ስለነበረ አዲስ የሆነበት ሰው አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ ሙዝ የሚጭኑ ሁለት ሰዎች ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ።

ኑሃሚን ከመሣቅና ከማልቀስ የቱ እንደሚቀድም አላወቀችም። ሌባው በአሥራ አንድ ቀን ያላገኘውን እነዚህ ሰዎች በግማሽ ሰዓት በገዛ አፋቸው ለመንገደኛ ሰጡ። አራት ዓመት ስትማር እንዲህ ያለ የደኅንነት ክፍተት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችም። ነገር ግን ፊታቸውን ስታይ የሁሉም ፊት ፈክቷል። የሺመቤት እንኳ ፈገግ ብላለች። እንዲህ ቀለል ብሏቸው አይታቸው አታውቅም፤ ቀናችባቸው።

ተራዋ ደረሰ። ወረቀቶቹን ወንበሩ ላይ ትታ ቆመች።

«የሺመቤት ምንም አላጠፋችም» አለች። «ማንም ምንም አልከፈተም። ሶፍትዌሩ ቀዳዳ ነበረበት፤ ሠሪዎቹ ድፈኑ ብለው ነግረውኝ ነበር። ዓርብ ጀመርኩ፣ ተቋረጠ። ከዚያ እየፈራሁ አሥራ አንድ ቀን አሳደርኩት። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

አቶ ዘርአብሩክ ጉሮሮአቸውን ጠርገው እንግዲህ ታወቀ አሉ። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ጉዳዩን በደብዳቤ እንጨርሰዋለን ብለው ለመነሣት ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

«እኔ ገና አልተናገርኩም» አሉ ጋሽ ካሱ።

አቶ ዘርአብሩክ ተመልሰው ተቀመጡ። ጋሽ ካሱ ሣሩን አጥብቀው ያዙ። ዓርብ ዕለት ልጅቷ ሥራውን ጀምራ ነበር አሉ። እርሷ ለምሳ ስትወጣ እኔ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ የሰርቨሩን ሶኬት ነቀልኩ፤ የተቋረጠው በዚያ ነው። ነገሩ እንዲህ እንደሚከብድ አላወቅሁም፤ ሳውቅ ደግሞ አፈርኩና ዝም አልኩ። ልጅቷ የምትባረር ከሆነ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመቴን ይዤ እወጣለሁ አሉ።

ኑሃሚን አፏን ልትከፍት ስትል ዓይናቸውን አየች። ዝም በይ ይል ነበር። ያን ዓርብ መብራት መሄዱን ሌላ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ካሱ የሌሉበትን ዩኒየን አቶ ዘርአብሩክም ማሰብ አልቻሉም። ማን ያስታርቃል? ደግሞም እዚህ የተነገረ ለቂም አይያዝም ተብሏል፤ ሳይቃወሙ ሰምተዋል፤ የይለፍ ቃላቸውንም ሰጥተዋል። እያጉረመረሙ ኑሃሚን ሥራዋን እንድትቀጥል ፈቀዱ። ለጋሽ ካሱ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው። ደብዳቤውን እርሳቸው ራሳቸው ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም አድርገው፣ በገዛ ፋይላቸው ውስጥ አስገቡት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዩኒየኑ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ያልቀየረ ሰው አልነበረም። የግድ ነው፤ ሙዝ ጫኞቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ሌባ ከገባ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ይኸው ነበር፤ ኑሃሚን በማስታወሻ ብትለምን ኖሮ እስከ መስቀል ባልጨረሰችው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሰርቨሩን እንደ አዲስ ሠርታ ማስተካከያውን ጫነች። በሳምንቱ ኢሜይሉ እንደ ገና መድረስ ጀመረ። ጎሜው ወጣ ተባለ፤ ምስጋናውም ለጋሽ ካሱ ሄደ።

እርሷ ግን እንቅልፍ አልነበራትም። የዚያን ዓርብ ለምሳ አልወጣችም፤ ጋሽ ካሱ የሰጧትን ቆጮ ጠረጴዛዋ ላይ ስትበላ ነው መብራት የሄደው። ስልካቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሶኬቱን ማንም አልነካም። ሠላሳ አንድ ዓመት እውነት ተናገሩ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ እርጥብ ሣር ይዘው፣ እርሳቸው ራሳቸው ባወጁት ደንብ ፊት ዋሹ። ለምን? ልትጠይቃቸው ስትል ፋይል ፍለጋ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር በኮምፒውተር አታውቅም፤ ማሽን ሲሳሳት ምክንያቱ ይገኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ካሱ ፈቃድ ጠየቁ። ማንም ፈቃድ ሲወስዱ አይቶ ስለማያውቅ ቅጹን መፈለግ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ምክንያቱን የነገራት ዓለሙ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አላስታረቁም፣ አላየሽም ወይ አላት። ትናንት ሁለት ሹፌሮች በራቸው ላይ ሲጨቃጨቁ በመስኮት አይተው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ቅዳሜ ዶርዜ ዱቡሻው ላይ ሽማግሌዎች ፊት ሊቀርቡ ነው። ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ዋሽቻለሁ ብሎ እስኪናገርና ይቅር እስኪሉት ድረስ ሰው መካከል አይገባም።

ቅዳሜ ጠዋት ኑሃሚን የጨንቻን ሚኒባስ ተሳፈረች። የቆላ ልብስ ለብሳ ስለወጣች ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሰው ደጋው ላይ ሲደርሱ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ዱቡሻው ሰዎች ለነገር የሚቀመጡበት ሜዳ ነው፤ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። አምስት ሽማግሌዎች ቡሉኮ ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ጋሽ ካሱ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። ወንበር አልያዙም። ሁልጊዜ ከላይ ሆነው የሚጠይቁትን ሰው ከታች ሆነው ሲጠየቁ አየች።

ሲያዩአት ደነገጡ። ምን ልታደርጊ መጣሽ፣ ብርድ ይመታሻል አሉ። ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ለማን ብዬ እንደዋሸሁ እየጠየቁኝ ነው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ነው ብያቸዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አሏት።

አልሄደችም። መናገር እፈልጋለሁ አለች። ጋሞኛ እንደማትችል ግልጽ ነው፤ አማርኛውን ወደ ጋሞኛ የሚመልስ ሰው ተፈለገና ከጋሽ ካሱ በቀር አልተገኘም። በገዛ ጉዳያቸው አስተርጓሚ ሆኑ። ኑሃሚን ነገሩ ግራ ቢሆንባትም ቀጠለች።

«የዋሹት ለእኔ ነው» አለች። «በዚያ ቀን መብራት የሄደው በሰፈሩ ሁሉ ነው። እሳቸው ምንም አልነኩም። ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ብቻዬን እንዳልቆም ብለው ነው አጠገቤ የቆሙት። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። አባቴ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው። ምሳ በልተሽ ነው ወይ ብሎ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ሰው በሕይወቴ እሳቸው ብቻ ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ሣር እንዳይዙ ከተከለከሉ በእኔ ምክንያት ነውና እኔንም እዚህ አስቀምጡኝ።» እንዲህ ብላ መሬቱ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጋሽ ካሱ ለሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ተናገሩ። አምስት ቃል ቢሆን ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዳር ላይ የተቀመጡት፣ ከቡሉኳቸው ሥር አሮጌ ኮት የለበሱት አዛውንት ገብረ ማርያም ይባላሉ። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ዱላቸው ላይ ደገፍ ብለው ጥርት ባለ አማርኛ ተናገሩ።

«ካሱ፣ እኔ ጨንቻ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ። ልጅቷ ያለችው መብራት ጠፋ ብቻ አይደለም። ሁሉንም ተርጉም።»

ጋሽ ካሱ ቀና አሉ፤ መልሰው አጎነበሱ። በጋሞኛ ጀመሩ፤ ስለ መብራቱ አሉ፤ ስለ ጥፋቱ አሉ፤ ስለ ምሳው ሲደርሱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እንዲህ የሆነው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሉት ያውቁ ነበር።

«ደግሜ ልበለው?» አለች ኑሃሚን ቀስ ብላ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ሰምቼዋለሁ።»

ገብረ ማርያም ቡሉኳቸውን አወለቁና በብርድ ለምትንቀጠቀጠው ልጅ ደረቡላት። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጋሽ ካሱ የቀረውን እስኪተረጉሙላቸውም ጠበቁ።